ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

እርጎ ይሏታል። እናቷ ያወጡላት ስም ሌላ ነው፤ በእሱ የሚጠራት ሰው ግን የለም፣ መታወቂያዋ ላይ ተኝቶ ቀርቷል። «እርጎ»ን ያወጣላት የምትሠራበት የኮምፒውተር ጥገና ቤት ባለቤት ነው። ደንበኛ ዴስክቶፑን አቅፎ ይመጣና «እንዴት ነው፣ ይፈጥንልኛል?» ይላል። እሷ አንገቷን ወደ ኬዙ ደፋ አድርጋ የፋኑን ድምፅ ስታዳምጥ ትቆይና «መፍጠኑንስ ይፈጥናል፣ መርጋቱ ነው ነገሩ» ትለዋለች። ጠዋት ገና አልረጋም፣ ከሰዓት ገና አልረጋም፣ ነገ ይረጋል። ባለቤቱ አንድ ቀን ሆዱን ይዞ ሲስቅ ቆየና «አንቺ ልጅ፣ ኮምፒውተር ነው የምትሠሪው ወይስ ወተት ነው የምታረጊው?» አላት። በቃ፣ እርጎ ሆና ቀረች። እሷም አልተቀየመች። እንዲያውም ስልክ ስታነሳ «አቤት፣ እርጎ ነኝ» ማለት ጀመረች።

ጥገና ቤቱ አንድ ፎቅ ሥር ነው፤ በቀኙ ፎቶ ኮፒ፣ በግራው ጫማ ሰፊ። የእሷ ጠረጴዛ መስኮቱ አጠገብ ነው። ብሎን መፍቻዎቿ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ በቁመታቸው ተደርድረዋል፣ ከዚያ ቆርቆሮ ሳያስፈቅድ ያነሳ ሰው ወዮለት። ሥራዋ ብዙ ነው፤ ስም ያወጣችበት ግን ኮምፒውተርን ከፋብሪካው ልክ በላይ በማስሮጥ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ፋብሪካ ለአንድ ፕሮሰሰር፣ ለኮምፒውተሩ አንጎል፣ ፍጥነት ሲወስንለት ተጠንቅቆ ነው፤ የማንም እጅ ቢገባ፣ የትም ክፍል ቢቀመጥ እንዳያሳፍረው ትንሽ ዝቅ አድርጎ ይወስንለታል። ከዚያ በላይ የሚያስሮጥ ጉልበት ግን ብዙ ጊዜ ውስጡ ተቀምጧል። እርጎ ማሽኑ ገና ሲነሳ ወደ ውስጠኛው ማስተካከያ ትገባና ፍጥነቱን ከፍ፣ ኤሌክትሪኩን ጨመር ታደርግለታለች። ከዚያ ከባድ ሥራ ትጭንበትና ሙቀቱን እያየች ትጠብቃለች። ካልተንገዳገደ እንደገና ትጨምራለች። ቀጥላ ራሙን፣ ማለትም ለፕሮሰሰሩ የሚሠራበትን ነገር እየያዘ የሚያቀብለውን፣ እንደዚሁ ታደርገዋለች። አንድ ቦታ ሲደርስ ስታክ ያደርጋል፣ ባለበት ደርቆ ይቀራል። ጫፉ ያ ነው።

እሷ ታዲያ ጫፉ ላይ አትተወውም፤ ሁልጊዜ አንድ ደረጃ ታወርደዋለች። «እየቻለ ለምን ታወርጅዋለሽ?» ብሎ የሚከራከር ደንበኛ አይጠፋም። «ጫፍ ላይ አቁሜ ብሰጥህ ስታስነጥስ ይወድቅብሃል» ትለዋለች። እሷ ነክታው ተበላሽቶ የተመለሰ ማሽን የለም። ይህንን ታውቃለች፣ ማወቋንም አትደብቅም። «እጄ አይስትም» ስትል ሰው እንደ ጉራ አይቆጥርባትም፤ እውነቷን ነዋ።

ቤት ውስጥ ግን አንድ ነገር አልረጋ ብሏት ነበር።

አባቷ ፀጉር አስተካካይ ነበሩ። መቀሱ አይደለም የከዳቸው፣ ጆሯቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ጀርባውን ሰጥቷቸው ሲቀመጥ፣ እሳቸው ፊቱን በመስታወት እያዩ ሲያወሩ የኖሩ ሰው ናቸው። መልስ ከአፋቸው ጠፍቶ አያውቅም። አንዱ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ የሰፈሩን ሐሜት አንድ ሳያስቀር ይተርክና መጨረሻ ላይ «በል አሳጥረው» ይላቸዋል። «የቱን? ፀጉሩን ነው ወሬውን?» ይሉታል። ፀጉሩ ሳያድግ፣ ለዚህ ለዚህ ብቻ ብሎ የሚመጣ ደንበኛ ነበራቸው። በኋላ አንድ ክፉ ሕመም መጣና መጀመሪያ አንዱን ጆሮ፣ ቆይቶ ሌላውን ወሰደ። ሐኪሙም የጆሮ መሣሪያ አይረዳዎትም አላቸው። ፀጉር ለመቁረጥ ዓይን ይበቃል ቢሏቸው አልሰሙም፤ ሰው እያወራቸው ዝም ብሎ መቀስ ማንጫጫት አልሆንላቸው አለ፣ ሱቁን ዘጉት።

እርጎ እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ልጅ አይደለችም። ሰው ሲናገር እየሰማ ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ፕሮግራም አገኘች። የሰፈሩ ኢንተርኔት መጣ ሲሉት የሚሄድ ስለሆነ፣ ያለ እሱ በራሱ የሚሠራውን መርጣ ታናሽ ወንድሟ ሲማርበት በነበረው አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ጫነችው። ማይኩን ምግብ ጠረጴዛው መሃል፣ ስክሪኑን ፊት ለፊታቸው አደረገችላቸው። አባቷ መጀመሪያ ያነበቡት የሚስታቸውን «ይሄ ነገር እኔንም ይሰማኛል?» የሚል ጥያቄ ነበር። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ምን ዋጋ አለው፣ ማሽኑ ደካማ ነበር። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሲያላምጥ ወሬው ሦስተኛው ላይ ደርሷል። ወንድሟ ይቀልዳል፣ ሁሉም ይስቃል፣ ሳቁ ያልቃል። እናቷ ወደ ጎረቤታቸው ወሬ ይሻገራሉ፤ ደረጃ ላይ ወድቀው እግራቸው መሰበሩን፣ እንዴት እንደጮኹ ይናገራሉ። ልክ እዚህ ላይ የቀልዱ ጽሑፍ ይደርስና አባት በሳቅ ይፈርሳሉ። «አንተ ሰውዬ፣ በተሰበረ እግር ትስቃለህ?» ይላሉ እናት፤ ይህም ዘግይቶ ይደርሳል። በመጀመሪያ ሰሞን እሱ ራሱ ያስቅ ነበር። ቆይቶ ግን አባቷ ከመሳቃቸው በፊት የሰውን ፊት ማየት ጀመሩ። ከዚያ መሳቁንም ተዉት። ከዚያ ደግሞ «ደክሞኛል» እያሉ ምሳቸውን ወደ መኝታ ቤታቸው ይዘው መግባት አመጡ። ያ ሰው፣ ዝም ብሎ መቀመጥ የማያውቀው ሰው፣ ግድግዳ እያየ ብቻውን ይበላል። 

በዚህ መሃል ወንድሟ ሊያገባ መሆኑን ተናገረ። የሚያገባት ልጅ እናትና አባት ሊተዋወቁ ለምሳ ይመጣሉ ተባለ። ቤቱ በደስታ ሲተራመስ አባቷ እርጎን ለብቻ ጠሯትና እንግዶቹን እናንተው ተቀበሏቸው፣ እኔን አሞታል በሏቸው አሏት። «ለምን አባዬ?» ብላ ስልኳ ላይ ጽፋ አሳየቻቸው።

«ቀልድ ሲዘገይ ስድብ ይመስላል፣ የኔ ልጅ» አሏት። «የወንድምሽን ነገር እዚያ ተቀምጬ አላበላሽም።»

እርጎ ስልኳን መልሳ አነሳች። ከዚያ ጻፈች፦ «ጽሑፉ በጊዜው ቢደርስስ?»

«በጊዜው ከደረሰማ ማን ይነሳል» አሉ።

በማግስቱ ዴስክቶፑን አቅፋ ወደ ጥገና ቤቱ ወሰደችው። ሌላ አዲስ መግዛት በዚያ ሰሞን የሚታሰብ አልነበረም፤ ይህንኑ ሽማግሌ ማንቃት ነበረባት። ጎኑን ከፍታ አቧራውን አራገፈች። ፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን ቅባት ጠርጋ አዲስ ቀባችው፣ ጥሩ ፋን ገጠመችለት። ከዚያ መጨመር ጀመረች። ፕሮሰሰሩ ወጣ፣ ወጣ፣ እሷ ካሰበችው በላይ ወጣ። ራሙም ተከተለ። መፈተኛ ፕሮግራሟን ጭናበት ስትጠብቅ አንድም ስህተት አላሳየም። ልማዷ ቢሆን እዚህ ላይ አንድ ደረጃ ታወርደው ነበር። ለአባቷ ሲሆን ግን ሳሳች። ስስት መቼም ሁለት ነገር ነው፤ አንጀት የሚበላ ፍቅርም ነው፣ መስገብገብም ነው። እሷን ያን ቀን ሁለቱም ያዟት። ጫፉ ላይ እንደቆመ ጎኑን ዘግታ ወደ ቤት ይዛው ሄደች።

እንግዶቹ ሊመጡ ጥቂት ቀን ሲቀረው ለልምምድ ብለው አራቱም ምሳ አብረው ቀረቡ። ቃሉ ከአፍ ሲወጣ ጽሑፉ ስክሪኑ ላይ ነው። አባት መጀመሪያ አላመኑም፤ ሚስታቸው ስለ ጨው ሲያወሩ ገና ሳይጨርሱ መለሱላቸው። ወንድሟ ተነሳስቶ «አባዬ፣ እንግዶቹን መጀመሪያ ምን ትላቸዋለህ?» አለ።

«ደህና መጣችሁ፣ ባርኔጣችሁን እዚህ፣ ፀጉራችሁን እዚያ አስቀምጡ እላቸዋለሁ» አሉ። ሁሉም ሳቁ፣ አባት አብረው ሳቁ። እርጎ በሆዷ «እጄ አይስትም» እያለች ነበር።

እናት ስለ ሳህኖቹ ማውራት ጀመሩ። አባት ቀና ብለው ስክሪኑን አዩ። «እንግዶቹን መጀመሪያ ምን ትላቸዋለህ?» ይላል። ልጃቸው እንደገና የጠየቃቸው መሰላቸውና ያንኑ ቀልድ ደገሙለት። እንደገና አዩ፤ አሁንም ያው ጥያቄ ነው። «ነገርኩህ እኮ» ብለው ሦስተኛ ሊመልሱ ሲሉ የሁሉንም ፊት አዩት። ማሽኑ ስታክ አድርጎ ነበር፤ የመጨረሻዋን ጥያቄ ይዞ ደርቆ ቀርቷል። ማንም እንዴት እንደሚነግራቸው አላወቀም። እሳቸውም ገብቷቸዋል። ሳህናቸውን ወደ መሃል ገፋ አድርገው ተነሱና ክፍላቸው ገቡ፤ በሩን እንኳን በቀስታ ነው የዘጉት። እርጎ በዚያ ጠረጴዛ ላይ አለቀሰች።

እንባዋን ጠርጋ ስታበቃ ተናደደች፤ ንዴቷ ይሻላል። ማሽኑን መልሳ ጥገና ቤት ወሰደችና ቀኑን ሙሉ ፈተነችው፤ ንቅንቅ አላለም። ቤት አምጥታ አስነሳችው፤ ብዙም ሳይቆይ ስታክ አደረገ። ማይኩን ጠረጠረች፣ የግድግዳውን ሶኬት ጠረጠረች፣ ወንድሟንም ሳይቀር ጠረጠረች። ሶኬቱን ልትነካካ ጎንበስ ብላ ቀና ስትል እናቷን አየቻቸው። እናቷ ራሳቸው በኪሮሽ የሠሩትን ነጭ ዳንቴል ኮምፒውተሩ ላይ እያለበሱ፣ ጫፉን በጣታቸው እኩል እያደረጉ ነው። የላይኛው ወንፊት፣ ፋኑ ሙቀቱን የሚያስወጣበት፣ ድፍን ተደርጎ ተሸፍኗል። ያ ቤት ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው፣ ፍሪጁ ዳንቴል አለው፣ ሬዲዮው ዳንቴል አለው። ኮምፒውተሩ ለምን ይቅርበት።

«እማዬ፣ ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች እርጎ።

«እንግዳ ሊመጣ ነው ከተባለ ጀምሮ ነዋ። ስትወስጂው አነሳለታለሁ፣ ስትመልሺው አለብሰዋለሁ፤ ራቁቱን ይቀመጥ?» አሉ እናት።

ወይ ጉድ። ጥገና ቤቱ ውስጥ ጎኑ ተከፍቶ፣ መስኮት ሥር ነፋስ እየተቀበለ ነው የተፈተነው፤ እዚህ ደግሞ ዳንቴል ለብሶ ይታፈናል። ፕሮሰሰር ሲሞቀው ፍጥነቱን ቀንሶ ራሱን ያቀዘቅዛል፣ ራም ግን ሞቀኝ አይልም፤ ሳይናገር ይሳሳታል፣ ስህተቱ ሲጠራቀም ማሽኑ ይደርቃል። እርጎ «አንሺው» ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ አፏን መልሳ ዘጋችው። እናቷ ዛሬ ቢያነሱት የእንግዶቹ ለት እጃቸው ራሱ ሄዶ ያለብሰዋል፤ ያንን እጅ ታውቀዋለች። ደግሞስ ሰው ሁሉ ተጠንቅቆለት ብቻ የሚሠራ ማሽን ረጋ ይባላል? ለደንበኛ «ተጠንቀቅለት» ብላ ብትሰጥ ኖሮ ራሷን ትታዘብ ነበር። አባቷ የሚኖሩት ጥገና ቤቱ ውስጥ አይደለም፤ እዚህ ቤት፣ ከዚህች ሴትዮና ከዳንቴሏ ጋር ነው። «እማዬ» አለች፣ «ዳንቴሉን አውሺኝ።»

በማግስቱ ዴስክቶፑ ጥገና ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ዳንቴል ለብሶ ሲታይ ያልሳቀ የለም። ባለቤቱ «ሙሽራዋ ማን ናት?» አለ። ጫማ ሰፊው ሳይቀር ሊያይ መጣ። እርጎ አልሰማቻቸውም። ዳንቴሉን በእጥፍ አድርጋ አለበሰችው፣ ፀሐይ የሚያርፍበት ጥግ አስቀመጠችውና መፈተኛውን ጫነችበት። እንደጠበቀችው ራሙ መሳሳት ጀመረ። አንድ ደረጃ አወረደችው፤ ያው ነው። አሁንም አወረደችው፤ ስህተቱ ቆመ። ቀጥላ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ሳትነካ ኤሌክትሪኩን ቀስ በቀስ ቀነሰችለት፤ የሚበቃውን እንጂ የሚያሞቀውን ለምን ይጠጣል። ፋኑንም ቀድሞ እንዲነሳ አደረገችው። ሲመሽ ዳንቴሉ ላይ እጇን ብታሳርፍ ለብ ያለ ብቻ ሆኖ አገኘችው፤ ስክሪኑ ላይ ደግሞ አንድ ስህተት የለም። ከመጀመሪያው ጫፍ ትንሽ ይዘገያል። ቢሆንም ተናጋሪው ማንኪያውን ሳያስቀምጥ ጽሑፉ ይደርሳል። ከዚህ በኋላ፣ አሁን በልማዷ፣ ሁሉንም አንድ ደረጃ አወረደች። «እህስ፣ ረጋ?» አላት ባለቤቱ። «ረጋ» አለች። ረጋ ካለች ረግቷል፤ የሚጠራጠራትም አልነበረም።

አሁን ማሽኑ አይደለም ችግሩ፤ አባቷ ናቸው። ጠረጴዛው ጋ ድርሽ አልል ብለዋል። እርጎ ስክሪኑን ሳሎን ግድግዳው ላይ በሰው ፊት ቁመት ሰቀለችው፣ ከፊቱ ወንበር አደረገች፣ ፎጣ አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ጀርባዋን ወደ አባቷ ክፍል ሰጥታ ተቀመጠች። እናቷን ልካ አስጠራቻቸው፤ መቀሱንም ይዘው ይምጡ አለች። አባቷ መጡ። ፎጣውን አዩ፣ ወንበሩን አዩ፣ ፊት ለፊት የተሰቀለውን አዩ። ምን እንደሆነ የገባቸው ቆመው ሲያዩት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ያናገሩት እንዲህ ቆመው፣ በሰው ጭንቅላት አናት ላይ አሻግረው መስታወት እያዩ ነው።

ማበጠሪያውን ፀጉሯ ውስጥ ሰደዱት። እሷ አላፈገፈገችም፤ ስለ ጥገና ቤቱ፣ ስለ ጫማ ሰፊው፣ ዳንቴል ስለለበሰው ኮምፒውተር ያለ ማቋረጥ አወራቻቸው። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ መስታወት በሆነው ስክሪን ላይ ይጻፋል። አባቷ እያነበቡ፣ እየቆረጡ፣ «እህ» እያሉ ቆዩ። ድምፃቸው ውስጥ የሆነ ነገር ሲላላ ተሰማት። ያኔ «በል እንግዲህ አባዬ፣ አሳጥረው» አለቻቸው።

መቀሱ ቆመ። «የቱን?» አሉ አባቷ። «ፀጉሩን ነው ወሬውን?»

እናት ከማድ ቤት በር ላይ ሆነው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከዚያ በኋላ እመጣለሁ አልመጣም የሚል ነገር አልተነሳም። አባቷ ሸሚዛቸውን ራሳቸው ተኮሱ።

የእንግዶቹ ለት ስክሪኑ ከእንግዶቹ ወንበር ጀርባ ከፍ ብሎ ተሰቀለ፤ አባት እንግዳቸውን እያዩ ዓይናቸውን ትንሽ ቀና ሲያደርጉ የሚያነቡበት ቦታ ነው። ኮምፒውተሩ ጥጉ ላይ ዳንቴሉን ለብሶ ይሠራል። የልጅቷ እናት ገና ከመግባታቸው ዳንቴሉን አይተው ማን እንደሠራው ጠየቁ፤ እናት «እኔ ነኛ» ብለው ወደ እርጎ የድል ዓይን ወረወሩ። የልጅቷ አባት የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ ትከሻ ሰፊ፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ ባርኔጣቸውን ጭምቅ አድርገው የደፉ ሰው። ሰላምታው አለቀ፣ ምግብ ቀረበ። ከዚያ ያ እንግዳ ቤት ውስጥ የሚወርደው ዝምታ ወረደ። የማንኪያ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ሹፌሩ ነገሩ ሳይጨንቃቸው አልቀረም፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ራሳቸው ላይ አንድ ፀጉር የለም፣ ያበራል።

«ልጄ የፀጉር አስተካካይ ቤት ነው የምንሄደው ስትለኝ በእውነት ተጨነቅኩ» አሉ፣ መላጣቸውን ዳበስ እያደረጉ። «ምን ይዤ ነው የምሄደው አልኩ።»

የአባት ዓይን ወደ ላይ ብልጭ ብሎ ተመለሰ። «ባዶ እጁን የመጣ እንግዳ አስተናግደን እናውቃለን» አሉ። «ባዶ ራሱን የመጣ ግን እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።»

የእናት እጅ ከነጭልፋው አየር ላይ ቀረ። ይህች ቃል ትንሽ ብትዘገይ፣ ወሬው ወደ ሌላ ከተሻገረ በኋላ ብትመጣ፣ ሰው አስነስታ ደጅ የምታስወጣ ስድብ ነበረች። በጊዜዋ መጣች። ሹፌሩ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ፣ ከዚያ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው እየመቱ እስኪያስላቸው ሳቁ። ሚስታቸው ሳቁ፣ ሙሽሮቹ ሳቁ፣ እናት ጭልፋውን አስቀምጠው ሳቁ። አባት ከሁሉም መሃል፣ ከሁሉም እኩል ይስቁ ነበር።

ያልሳቀችው እርጎ ብቻ ናት። ዓይኗን ከስክሪኑ፣ ጆሮዋን ከፋኑ አልነቀለችም፤ ጽሑፉ መድረሱን፣ ማሽኑ አለመንገዳገዱን ስታይ የተባለው ነገር አልፏታል። ቆይታ የመጨረሻዋን መስመር አነበበችና ገባት። ፍርስ ብላ ስትስቅ የሌላው ሰው ሳቅ አልቆ፣ ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር። ሁሉም ዞረው አዩዋት። አባቷም አዩዋት፤ ሳቋን ባይሰሙም መዘግየቷን ከፊቷ አነበቡት።

«እርጎ፣ ዘገየሽ እኮ» አሏት። «ላንቺም ስክሪን ይግባልሽ እንዴ?»

ስክሪኑ ይህንንም ወዲያው ጻፈው። እሷም ከላይ እስከ ታች አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው፣ ስቃ ስቃ እንባዋን በዳንቴሉ ጫፍ ጠረገች።